የኢማናችን መሠረት የሳይንቲስቶች አለማወቅ ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰባቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ በይቅርታ ይጀምራል።

ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሳይንቲስቶች ያ ሁሉ ላቦራቶሪ እያላቸው፣ ሕያው ነገር ከተሠራባቸው ቅመሞች አንዲቷን እንኳ ሕይወት ከሌለው ነገር ማውጣት አልቻሉም፤ እንግዲያውስ ፈጣሪ አለ። ብዙዎቻችሁ «ማሻአላህ» ብላችሁ አጋራችሁት። እኔም ላይኩ ሲበዛ ደስ አለኝ። ያልኩት ነገር እውነት መሆኑን ግን አላጣራሁም። ሌላ ቦታ ያየሁትን ነው አሳምሬ የጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እህታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ጽሑፌን ይዛ ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ተከራክራ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ልጅቷ አልሳቀችባትም፣ አልተሳደበችም። የመማሪያ መጽሐፏን ከፍታ አንድ ገጽ አሳየቻት። እኔ «አልተቻለም» ያልኩት ነገር ከ70 ዓመት በፊት መደረጉ እዚያ ላይ ተጽፏል። እህታችን እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜ፣ የጻፍኩልህ ስላፈርኩ አይደለም። ሀፍረቱ ያልፋል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶላት ላይ ስቆም አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል። ይሄ ልክ ካልነበረ፣ ሌላውስ?»

ሱብሃነላህ! ይህችን መልእክት ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላህ ያውቃል። ለዲን የቆምኩ መስሎኝ በአንዲት ሙእሚን ሶላት ውስጥ ወስዋስ አስገባሁ። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር አደርጋለሁ፦ ስህተቴን አርማለሁ፣ ሳይንቲስቶቹ በትክክል የሚከራከሩበትን ነገር እነግራችኋለሁ፣ ከዚያም ኢማናችን የቆመው የት ላይ እንደሆነ አብረን እናያለን።

◾ ስህተቴን ላርም

ጊዜው 1952 ነው። በአሜሪካ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚለር የሚባል ወጣት ተማሪ ነበር። ዕድሜው ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ አይርቅም፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። መምህሩ ሃሮልድ ዩሪ ደግሞ በ1934 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የወሰዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ምድር ገና ጨቅላ ሳለች፣ አንድም ሕያው ነገር ሳይኖርባት፣ ለሕይወት የሚያስፈልጉት ቅመሞች በአየሯና በውሃዋ ውስጥ ሊገኙ ይችሉ ነበር ወይ?

ሚለር የመስታወት ዕቃዎችን በቱቦ አገናኘ። በታችኛው ውሃ ያፈላል፤ ይህ የባሕሩ ምሳሌ ነው። በላይኛው ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን አለ፤ በዚያ ዘመን የጥንቷ ምድር አየር ይህን ይመስል ነበር ተብሎ ይገመት ነበር። በዚህ አየር ውስጥ እንደ መብረቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለቅበታል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲዞር ጥርት ያለው ውሃ ቀልቶ ደፈረሰ። ሲመረመር አሚኖ አሲዶች ተገኙበት፤ ከእነሱም ውስጥ ግላይሲንና አላኒን። በሰውነታችን ያለው ፕሮቲን የሚገጣጠመው ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ነው። ውጤቱ በ1953 ታተመ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዩሪ ክብሩ ለተማሪው እንዲሆን ብለው የራሳቸውን ስም ከጽሑፉ ላይ አስወጡ። አደብ የትም ቢገኝ አደብ ነው።

ሚለር በ2007 ሞተ። ትቷቸው የሄደው የድሮ ብልቃጦች እንደገና ወጥተው በዘመናዊ መሣሪያ ተመረመሩ። በ2008 በወጣው ጽሑፍ፣ ከሙከራዎቹ በአንደኛው ዓይነት ብቻ 22 አሚኖ አሲዶች መገኘታቸው ታወቀ።

ይህም ብቻ አይደለም። በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ መርቺሰን በምትባል ከተማ አካባቢ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ከ70 በላይ የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ተገኝተዋል። በ2023 ደግሞ የናሳ መንኮራኩር ቤኑ ከሚባል አስትሮይድ ላይ የዘገነችውን አፈር ወደ ምድር አመጣች። በጥር 2025 ይፋ በሆነው ምርመራ፣ ሕያው ነገሮች ከሚጠቀሙባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ፣ እንዲሁም ዲኤንኤና አርኤንኤ የሚጻፉባቸው አምስቱም ፊደላት ተገኙበት። የሰው እጅ ባልነካው የሰማይ ድንጋይ ውስጥ!

እንግዲህ «አንዲቷን እንኳ አልተገኘችም» ማለቴ ስህተት ነበር። አስተግፊሩላህ።

◾ ታዲያ ሕይወት ተሠራ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ቸኩለው የሚሮጡ አሉ።

ቁርኣን ቤት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ልጅ ሉሑ ላይ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ስለጻፈ ቁርኣን አኸተመ አይባልም። አሚኖ አሲዶች ፊደላት ናቸው። ፕሮቲን ማለት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ፊደላት ቦታ ቦታቸውን ይዘው የተደረደሩበት ጽሑፍ ነው። ሕያው ሴል ደግሞ ራሱን የሚያነብ፣ ራሱን የሚገለብጥ፣ ሲሳሳትም የሚያርም መጽሐፍ ነው ቢባል ይቀላል። ክርክሩ ያለው ከፊደሉ እስከ መጽሐፉ ባለው መንገድ ላይ ነው። ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አየሩ። ከሚለር በኋላ ብዙ የምድር ሳይንቲስቶች የጥንቱ አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን እንደነበር ያስባሉ። በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ሙከራው ሲደገም የሚገኘው ውጤት በጣም ያንሳል።

ሁለተኛ፣ ማን ቀደመ? ዲኤንኤ ለመገልበጥ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ፕሮቲን ለመሠራት ደግሞ የዲኤንኤ መመሪያ ያስፈልገዋል። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ እንደሚባለው ነው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አርኤንኤ መልእክት ከመያዝ አልፎ እንደ ፕሮቲን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ፤ በ1989 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች «በመጀመሪያ የነበረው አርኤንኤ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የለም፣ መጀመሪያ የመጣው ኃይል የሚያቀባብለው የኬሚስትሪ ዑደት ነው» ይላሉ።

ሦስተኛ፣ የት? ገሚሶቹ ከባሕር ወለል ሙቅ ውሃ የሚያመነጩ ሽንቁሮችን ይጠቁማሉ። በ2000 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተገኘው «የጠፋችው ከተማ» የሚባለው ቦታ ለዚህ ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል። ሌሎቹ ግን «ባሕር ውስጥ ሁሉም ነገር ይበተናል፤ ይልቅ የብስ ላይ ያለ፣ የሚደርቅና ተመልሶ የሚረጥብ ፍል ውሃ ይሻላል» ይላሉ።

አራተኛ፣ የእጅ ነገር። ብዙዎቹ አሚኖ አሲዶች እንደ ቀኝና ግራ እጃችን ሁለት መልክ አላቸው። ሕያው ነገሮች ፕሮቲናቸውን የሚሠሩት በግራው ነው። በሚለር ብልቃጥ ውስጥ ግን ሁለቱም እኩል ነው የወጡት፤ በቤኑ አፈር ውስጥም ወደ እኩል የቀረቡ ነበሩ። ሕይወት አንዱን ወገን እንዴት መረጠች? ገና አልተቋጨም።

አምስተኛ፣ የኬሚስቱ እጅ። በ2009 ጆን ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ላይ ከአርኤንኤ አራት ፊደላት የሁለቱን ሙሉ ቅርጽ በጥንቷ ምድር ሊኖሩ ይችሉ ከነበሩ ቀላል ነገሮች ማግኘት ቻሉ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ሌሎች ኬሚስቶች ጠየቁ፦ ንጹሑን ቅመም በትክክለኛው ሰዓትና በትክክለኛው ተራ የጨመረው ሰው ነው፤ ያኔ ይህን ማን አደረገው? ልብ በሉ፣ ይህን የጠየቀው የመስጂድ ኢማም አይደለም። የራሳቸው የሙያ ባልደረባ ነው።

በ2010 «ሰው ሕይወት ፈጠረ» የሚል ዜና ዓለምን አዳርሶ ነበር። በእውነት የተደረገው ምንድን ነው? በአሜሪካ የክሬግ ቬንተር ተቋም ሳይንቲስቶች የአንድ ባክቴሪያን ዲኤንኤ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊደል ያለውን፣ በኮምፒውተር ካለው ቅጂ ላይ ተነሥተው በኬሚካል ሠሩት፤ ከዚያም በሕይወት ባለ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ከተቱት። ሥራው አስደናቂ ነው። ቤቱን ግን ተበደሩት፤ ሕያው የነበረውን ሴል ከባዶ አልሠሩትም። በ2016 ያንኑ እየቀነሱ 473 ጂን ብቻ ያለው ሴል አደረሱ። ከእነዚህ ውስጥ የ149ኙ ሥራ ምን እንደሆነ በወቅቱ አልታወቀም ነበር፤ እነሱም ይህን ራሳቸው ጻፉት።

እንግዲህ እውነቱ በሁለቱ ጩኸት መካከል ነው። «ምንም አልተገኘም» የሚለው ተሳስቷል። «አለቀ፣ ተፈታ» የሚለውም ተሳስቷል። (የአባታችን የአደም ዐ.ሰ. አፈጣጠር በወሕይ የተነገረን ሌላ ርዕስ ነው። እዚህ የምናወራው ከዛሬ 3 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማና ከዚያም በፊት ስለነበሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ነው።)

◾ ከዳሎል የምንማረው

ከሩቅ አገር ብቻ አናምጣ። አፋር ክልል ያለውን ዳሎልን ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች የሚፈሉበት፣ ውሃው ከባትሪ አሲድ የማይተናነስ ቦታ። ሳይንቲስቶች ወደዚያ የሚመጡት ሕይወት የት ድረስ መኖር እንደምትችል ድንበሯን ለማየት ነው።

በ2019 አንድ ቡድን ከዳሎል ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቅ ረቂቅ ሕዋሳት አገኘን ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከብዙ ቦታ ናሙና ወስዶ ተቃራኒውን አለ፦ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም፤ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ግን አሉ፣ ሰውንም ያታልላሉ። ከዚያው አጠገብ፣ የአፋር ወንድሞቻችን አሞሌ ጨው በሚቆርጡበት ሜዳና በአሳሌ ሐይቅ ግን ብዙ ዓይነት ረቂቅ ሕዋሳት አገኙ።

ሁለት ትምህርት እዚህ አለ። አንደኛው፣ ሕዋስ የሚመስል ሁሉ ሕዋስ አይደለም፤ ማስረጃ የሚመስል ሁሉም ማስረጃ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሰዎቹ ሲለያዩ ናሙናቸውን አወጡ፣ መንገዳቸውን ጻፉ። እኛ በአንድ መስአላ ስንለያይ ኮሜንት ላይ የምናደርገውን አስታውሱና አወዳድሩት።

ስለ ውሃም አንድ ቃል ልበል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንቢያእ ሕያው የሆነን ነገር ሁሉ ከውሃ እንዳደረገ ነግሮናል። ይህን አንቀጽ ይዘን «ያው ሳይንስም ዛሬ ደረሰበት» ማለት እንወዳለን። እውነት ነው፣ የምናውቀው ሕያው ሴል ሁሉ ያለ ውሃ አይሠራም። ነገር ግን እነዚሁ ሳይንቲስቶች ዛሬ የሚጨነቁበት አንድ እንቆቅልሽ አለ፦ ውሃ ለሕይወት የግድ ነው፣ ግን የፕሮቲንና የአርኤንኤን ሰንሰለት ቀስ በቀስ የሚበጥሰውም ውሃ ነው። ስለዚህ ነው ገሚሶቹ ደርቆ የሚረጥብ ኩሬ የሚፈልጉት። ነገ ሐሳባቸው ይለወጥ ይሆናል። የአላህን ቃል በዚህ ዓመት ሐሳብ ላይ ካሰራችሁት፣ ሐሳቡ በሚቀጥለው ዓመት ሲወድቅ ሰው ቃሉ የወደቀ ይመስለዋል። ቃሉ ግን አልወደቀም፤ የወደቀው የእናንተ ማሰሪያ ነው።

◾ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያልተቀበሉት «ማስረጃ»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ገና ጡት ሳይጥል ሞተ። አባት ናቸውና ዓይናቸው አነባ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። መዲና ውስጥ ሰዉ ምን አለ? «ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው» አለ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡ። ይህ ወሬ ማንን ይጠቅማል? የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ክብር ከፍ የሚያደርግ ነበር። ጠላቶቻቸውን ዝም የሚያሰኝ «ተአምር» ነበር። እሳቸው አላሉትም፤ ሰዎች ናቸው ያሉት። ዝም ቢሉ ኖሮ ወሬው ራሱ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን፣ ልባቸው በሐዘን ተሰብሮ ሳለ፣ ሰዉን ሰብስበው ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሰው ሞት ወይም መወለድ ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ግርዶሽ ስታዩ ስገዱ፣ ዱዓ አድርጉ አሉ።

አያችሁ? ለሳቸው የሚመሰክር ነገር ነበር፤ እውነት ስላልሆነ ግን መለሱት። ምልክትነቱን ግን አልካዱም። ፀሐይ የአላህ ምልክት ናት፤ ምልክት የምትሆነው ግን በእውነተኛው ሥርዓቷ እንጂ እኛ በምንጨምርላት ወሬ አይደለም። ሐቅ የውሸት ምርኩዝ አያስፈልገውም።

እኔ «አንዲቷን እንኳ አልቻሉም» ብዬ ስጽፍ ያደረግኩት የመዲና ሰዎች ያሉትን ነው። ለዲን አዝኜ ያልተጣራ ነገር አወራሁ። ልዩነቱ፣ እነሱን ወዲያው የሚያርም ነብይ ነበራቸው። እኔን ያረመችኝ የዶርም ክርክር ነች።

ኢማም አል-ገዛሊም፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ከ900 ዓመት በፊት ይህንኑ አስጠንቅቀዋል። ዲንን የሚረዳ መስሎት የግርዶሽን የሒሳብ ማስረጃ የሚክድ ሰው ዲኑን ይጎዳል ብለዋል። ለምን? የሒሳቡን ማስረጃ በዓይኑ ያየ ሰው ሒሳቡን አይጠራጠርም፤ «ይህን የሚክድ ዲን ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ዲኑን ይጠራጠራል። እህታችን ላይ የደረሰው ልክ ይህ ነው።

◾ ሰበቡን ማወቅ ባለቤቱን አያስቀርም

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ትሉ ይሆናል፦ «እሺ፣ ነገ ሳይንቲስቶች መንገዱን ሁሉ ቢያውቁትስ? ከኬሚካል እስከ ሴል ደረጃ በደረጃ ቢያሳዩንስ? ያኔ ምን እንላለን?»

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ እንይ። የመጣው «አላህ የሚሠራው እኛ ባላወቅነው ቦታ ብቻ ነው» ከሚል ስውር ሐሳብ ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ዐቂዳ አይደለም።

በእናታችሁ ማኅፀን ውስጥ እንዴት እንደተፈጠራችሁ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሴሉ እንዴት እንደሚከፈል፣ ልብ በየትኛው ሳምንት መምታት እንደሚጀምር ይታወቃል፤ ነፍሰ ጡር እናት በአልትራሳውንድ ታየዋለች። ይህን አይታ «እንግዲያው ልጄን አላህ አይደለም የሰጠኝ» ያለች ሙስሊም እናት አጋጥማችኋለች? እንዲያውም ስክሪኑን እያየች ነው «አልሐምዱሊላህ» የምትለው። ቁርኣንም ከጠብታ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መፈጠራችንን ሲነግረን፣ ደረጃዎቹን የአላህ ሥራ አድርጎ ነው የነገረን። ደረጃ መኖሩ ፈጣሪውን አላስቀረም።

በሱረቱል ዋቂዓ አላህ ስለምንዘራው ዘር ይጠይቀናል፦ የምታበቅሉት እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ ነን? ብሎ። ገበሬው እኮ ዘር እንዴት እንደሚበቅል አሳምሮ ያውቃል። ማረሱን፣ መዝራቱን፣ ዝናቡን ያውቃል። ጥያቄው የቀረበው ለማያውቅ ሰው አይደለም፤ ለሚያውቅ ሰው ነው። ሰበቡን እያወቀ የሰበቡን ባለቤት እንዳይረሳ ነው።

የሚለርን ብልቃጥ በዚህ ዓይን እዩት። ሙከራው ዛሬ በየትኛውም አገር ቢደገም አሚኖ አሲዶቹ ይወጣሉ። ለምን? ካርቦን አራት እጅ ስላለው፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን የራሳቸው የመያያዝ ሕግ ስላላቸው፣ ሕጉም ቺካጎ ላይ እና ቤኑ ላይ አንድ ስለሆነ። ሚለር ይህን ሕግ አልደነገገም፤ አገኘው እንጂ። ከሰማይ በመጣ ድንጋይና በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ያው ፊደል ሲወጣ፣ እኔ የምጠይቀው «ለምን ሥርዓት ኖረ? ማን አኖረው?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ላቦራቶሪው ውስጥ የሚፈታ አይደለም፤ ላቦራቶሪው ራሱ የቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። እነሱ ባወቁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የቀድሞዎቹ ሙስሊሞች ይህን አይፈሩም ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንደሉስ ውስጥ የኖረው ኢብን ጡፈይል «ሐይ ኢብን የቅዟን» በሚለው ድርሰቱ ስለ አንድ ብቸኛ ሰው ይተርካል። ሰውየው እንዴት ወደ ደሴቲቱ መጣ ለሚለው ሁለት ታሪክ አቅርቧል፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ደሴቲቱ ላይ ከቦካ ጭቃ ተፈጠረ፣ ሩሑም ከአላህ ትእዛዝ መጣችለት የሚል ነው። እንደ ሳይንስ አንወስደውም፤ ድርሰት ነው። ግን ተመልከቱ፦ «ከጭቃ» የሚለው ቃል አላስደነገጠውም። ጭቃውም የማን እንደሆነ ያውቃል።

◾ ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩ

ዛሬ ጁሙዓ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ትቀራላችሁ። ሁለት ቦታ ላይ ቆም በሉ።

አንደኛው፣ የዋሻው ወጣቶች ስንት ነበሩ በሚለው ላይ። ሰዎች ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያሉ ይገምታሉ። አላህ ሦስትና አምስት ማለታቸውን በሩቅ ነገር ላይ የሚወረወር ግምት ብሎ ገለጸው፤ ነብዩንም (ሰ.ዐ.ወ) ቁጥራቸውን ጌታዬ ዐዋቂ ነው እንዲሉ አዘዛቸው። በማናውቀው ነገር «አላሁ አዕለም» ማለት ዒባዳ ነው። የሚደንቀው፣ ስለ ሕይወት አጀማመር የሚጽፉ ጥሩ ሳይንቲስቶችም «ገና አናውቅም» የሚለውን ቃል ይጽፋሉ። እኛ ላይ ለምን ከበደ?

ሁለተኛው በ51ኛው አንቀጽ ላይ ነው። አላህ ስለ ኢብሊስና ዝርያዎቹ ሲናገር፣ ሰማያትና ምድር ሲፈጠሩም ሆነ እነሱ ራሳቸው ሲፈጠሩ እንዳላሳያቸው ይነግረናል። የመጀመሪያዋ ሴል ስትጀምር እኛም አልነበርንም። እኔም አልነበርኩም፣ ሚለርም አልነበረም። ያ ማለት ግን አንመርምር ማለት አይደለም። በሱረቱል ዐንከቡት አላህ በምድር ላይ ሂዱና ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ ተመልከቱ ብሎ አዟል። ተመልከቱ ተብለናል፤ ያላየነውን እንዳየን ሆነን እንድንናገር ግን አልተፈቀደልንም።

◾ ለዚህ ሳምንት

አንደኛ፣ ያንን የድሮ ጽሑፌን አላጠፋሁትም፤ ማረሚያውን ከላዩ ላይ ጽፌበታለሁ። ያጋራችሁት ሁሉ ማረሚያውንም አጋሩልኝ። ስህተቱን በመቶ ሰው አድርሰን እርማቱን ለብቻችን ብንይዘው አማና በላን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳይንስ የሚያወራ ዲናዊ ጽሑፍ ሲመጣላችሁ፣ እኔ የጻፍኩትም ቢሆን፣ ከማጋራታችሁ በፊት የሙያው ተማሪ የሆነ ጓደኛ ጠይቁ። አላህ ያላወቅነውን እንዳንከተል፣ ጆሮም ዓይንም ልብም እንደሚጠየቁ ነግሮናል። ጣታችንም ሼር ስላደረገው ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ ከእናንተ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦሎጂ የምትማሩ፣ ትምህርታችሁን እንደ ፈተና ማለፊያ ብቻ አትዩት። ስለ ዳሎል የሚጻፈውን እየጠበቅን ከምናነብ፣ ናሙናውን በራሳችሁ እጅ የምትወስዱና የምትጽፉ ብትሆኑ ምንኛ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻም ለእህቴ። «ይሄ ልክ ካልነበረ ሌላውስ?» ብለሽኛል። መልሴ ይህ ነው፦ ልክ ያልነበረው የእኔ ጽሑፍ ነው። አንቺ ያመንሽው በእኔ ጽሑፍ አልነበረም። እኔ ፌስቡክ ከመክፈቴ በፊት ሰግደሻል፤ ሲጨንቅሽ «ያ አላህ» ብለሻል፤ የመልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኝነት በልጃቸው ቀብር ቀን ሳይቀር አይተሻል። ይህ መሠረት ሳይንቲስቶች ባላወቁት ነገር ላይ አልቆመም፤ ባወቁት ቁጥርም አይናድም። የመማሪያ መጽሐፉን ካሳየችሽ ልጅ ጋር ደግሞ አትኳረፊ። ሂጂና «ልክ ነሽ፣ ተሳስቼ ነበር» በያት። ከመቶ ክርክር ይልቅ ይህች ቃል ስለ ዲናችን ትመሰክራለች።

አላህ ሆይ! ሐቁን ሐቅ አድርገህ አሳየን፣ እንድንከተለውም አድርገን። ባጢሉን ባጢል አድርገህ አሳየን፣ እንድንርቀውም አድርገን። ጠቃሚ ዒልም ስጠን፤ ከማይጠቅም ዒልምና ከማይፈራ ልብ ጠብቀን። በእኛ ስህተት ኢማናቸው የተንገዳገደ ወንድሞችና እህቶች ካሉ አንተው አጽናቸው፣ እኛንም ማረን። አሚን።

በዚህ በተባረከ ቀን በነብያችን ላይ ሰለዋት ማውረድ አትርሱ። አላሁመ ሶሊ ወሰሊም ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ።

ጁሙዓ ሙባረክ!

ወላሁ አዕለም።